አርጃኖ ደጃፍ ሲደርስ

በመሐል ሜዳ ውርጭ አርጃኖ አይኖርም። ገላው የሚሞቀው በፀሐይ ስለሆነ ብርድ አይችልም። ቁልቁለቱን ወርደን ጀማ ቆላ ስንገባ ግን ሌላ ነው። እዚያ ወንዝ ዳር ቋጥኝ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። አንዳንዴም ከሰው ደጃፍ ይደርሳል።

አንዲት የቆላ እናት ዶሮ አስታቅፈው ውሃ ሊቀዱ ወረዱ። ሲመለሱ ዶሮይቱ ትጮኻለች፣ እንቁላሉ የለም። ከግድግዳው ሥር አንድ ረጅም አውሬ ምላሱን ያወጣል፣ ያስገባል። «ኧረ አዞ ገባ! ድረሱልኝ!» አሉ። ጎረቤት ዱላ ይዞ ደረሰ። አርጃኖው ተገደለ።

ማን ይፈርድባቸዋል? እንቁላል ለገበሬ ቤት ጨው ነው፣ የልጅ ደብተር ነው። ግን ወገኖቼ፣ እስቲ እንጠይቅ። የሞተው ሌባ ብቻ ነው ወይ?

አርጃኖ አዞ አይደለም። የእንሽላሊት ዘመድ ነው። እስከ 2 ሜትር፣ ማለት አራት ክንድ ያህል ያድጋል። የተሰነጠቀ ምላሱ ማሽተቻው ነው እንጂ መናደፊያው አይደለም። ሰው የሚገድል መርዝም የለውም። ሰው ሲያይ መሸሽ ይመርጣል። መውጫ ካጣ ግን ይነክሳል፣ ይቧጭራል፣ በጅራቱ እንደ ጅራፍ ይገርፋል።

ምግቡስ? እህላችንን የሚጨርሰውን አይጥ ይበላል። እባብ ይበላል። የአዞ እንቁላል ቆፍሮ ያወጣል። ሴቷ ኩይሳ ሰርስራ እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ምስጦቹ ቀዳዳውን መልሰው ይደፍኑታል፤ የኩይሳው ሙቀት ያፈለፍለዋል። ይገርማል!

ታዲያ ምን ይሻላል? የዶሮ ቤት ከመሬት ከፍ አድርገን በድንጋይና በጭቃ እንሥራ። ቀዳዳውን ሁሉ እንድፈን። በሩን ማታ ብቻ ሳይሆን ቀንም እንዝጋ፤ አርጃኖ የሚያድነው በቀን ነውና። እንቁላል በየቀኑ እንሰብስብ። ግቢ ከገባ ልጆችን እናርቅ፣ መውጫ እንተውለት። የነከሰው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና በደንብ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የመንዝ አባቶች ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀዋል። ሣሩ ስለተጠበቀ ቀይ ቀበሮውም መኖሪያ አገኘ። እሱ በደጋ አይጥ ያድናል፣ አርጃኖ በቆላ። ዱላ ከማንሳታችን በፊት የዶሮ ቤታችንን በር እንመልከት።