ቋንቋ የሚሸጥባት የባሕር ዳር መንደር

ከምዕራብ አየርላንድ የጎልዌይ ከተማ ተነስቶ የአትላንቲክ ውቅያኖስን በግራው እያየ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ እንግዳ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ የያዘው የእንግሊዝኛ ካርታና የመንገዱ ምልክት አልስማማ ይሉታል። ካርታው «ካራሮ» ሲል ምልክቱ «አን ኼህሩ ሩዋ» ይላል። ቦታው ግን አንድ ነው። ስሙ በአይሪሽ ቋንቋ «ቀዩ ሩብ» ማለት ሲሆን፣ «ሩብ» በኢትዮጵያ «ጋሻ» እንደሚባለው የጥንት የመሬት መጠሪያ ነበር። በ2005 በሥራ ላይ የዋለ ድንጋጌ አይሪሽ በሚነገርባቸው አካባቢዎች የእንግሊዝኛውን የቦታ ስም ሕጋዊነት ነስቶታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

መንደሯ በሁለት የባሕር ወሽመጦች መካከል በተዘረጋ ድንጋያማ ምድር ላይ የተቀመጠች ናት። መሬቱ ግራናይት ድንጋይና ረግረግ ነው። ማሳዎቹ ትንንሽ፣ አጥሮቻቸው ደግሞ ያለ ጭቃ የተካቡ ድንጋዮች ናቸው። እህል ለገበያ የሚያወጣ አፈር የለም። ታዲያ ይህች መንደር የምትሸጠው ምንድን ነው? ጥያቄው ለንግድ ሰው ጆሮ እንግዳ አይደለም። መልሱ ግን ያልተለመደ ነው፤ የምትሸጠው ቋንቋዋን ነው።

የማይከፈልበት ዳርቻ

ጎብኚውን መጀመሪያ የሚስበው «ትራ አን ዶሊን» የተባለው የባሕር ዳርቻ ነው። ሰዉ «የኮራል ዳርቻ» ይለዋል እንጂ ኮራል አይደለም፤ ተራ አሸዋም አይደለም። «መርል» የተባለ፣ በሰውነቱ ኖራ እያከማቸ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር የባሕር አረም ስብርባሪ ነው። በሕይወት ሳለ ሮዝ መልክ ያለው ሲሆን፣ ሞቶ ዳር ሲወጣ ፀሐይ ታነጣዋለች። በባዶ እግር ለሚረግጠው ይቆረቁራል፤ ደቃቅ አሸዋ ስለሌለው ግን ውኃው አይደፈርስም። ጠልቆ መዋኘት የሚወዱ ሰዎች የሚመርጡትም በዚሁ ጥራቱ ነው።

መርል በዓመት የሚያድገው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቀደመው ዘመን የአካባቢው ገበሬዎች ይህንኑ ስብርባሪ እየጫኑ የረግረጉን ኮምጣጣ አፈር ያለዝቡበት ነበር። ዛሬ ሕያው መርል በአውሮፓ ኅብረት የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ውስጥ ተካቷል። ዳርቻው የመግቢያ ክፍያ የለውም። የመንደሯ ገቢ የሚፈልቀው ከዳርቻው ሳይሆን ከጀርባው ካሉት ቤቶች ነው።

የቤቱ እመቤት ገበያ

አይሪሽ በአየርላንድ ትምህርት ቤቶች ግዴታ የሆነ የትምህርት ዓይነት ነው። ከተሜው ወላጅ ልጁ ቋንቋውን ከአፍ እንዲለምድለት በበጋ ወደ እነዚህ መንደሮች ይልከዋል። የተለመደው ቆይታ ሦስት ሳምንት ነው። በደህና ዓመት ከ20 ሺህ የሚበልጡ ወጣቶች «ጌልታክት» ወደሚባሉት የአይሪሽ ተናጋሪ አካባቢዎች ይጎርፋሉ። የሚያድሩት በሆቴል ሳይሆን «ባን አን ቲ» ማለትም «የቤቱ እመቤት» በምትባለው ሴት ቤት ነው። እሷ ታበላለች፣ ታስተኛለች፣ ትቆጣለች፤ ሁሉንም በአይሪሽ።

የክፍያው አሠራር ቀላል ነው። ወላጅ ለኮሌጁ ይከፍላል፤ ኮሌጁ ለቤቱ እመቤት ይከፍላል፤ መንግሥት ደግሞ በእያንዳንዱ ተማሪና በእያንዳንዱ አዳር ሒሳብ ድጎማ ይጨምርላታል። ድጎማውን ለማግኘት አልጋ ማንጠፍ ብቻ አይበቃም፤ የቤቱ ቋንቋ አይሪሽ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። እንግሊዝኛ ማውራት የደጋገመ ተማሪ ወደ ቤቱ የሚመለስባቸው ኮሌጆችም አሉ። በሌላ አነጋገር በዚህ ገበያ ጥሬ ዕቃው በማድቤት የሚሰማው ወሬ ነው።

ገበያው ምን ያህል ስስ እንደሆነ በ2020 እና በ2021 ታይቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሁለቱ ዓመታት የአዳሪ ትምህርት ተሰርዞ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። መንግሥት የመደጎሚያ ገንዘብ ቢሰጥም በዕድሜ የገፉ አንዳንድ እመቤቶች ወደ ሥራው አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ የኮሌጆቹ ችግር ተማሪ ማጣት ሳይሆን ተቀባይ ቤት ማጣት ሆኗል።

ጩኸት ያመጣው ሥራ

ቋንቋው እንጀራ የሆነው በራሱ ጊዜ አይደለም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ የኮነማራ ወጣት ዕጣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ መሰደድ ነበር። በ1969 የአካባቢው ሰዎች የመብት ንቅናቄ አቋቋሙ፤ በ1970 ደግሞ ያለ ፈቃድ የሬድዮ ጣቢያ ከፈቱ። መንግሥት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ራሱ «ራድዮ ና ጌልታክታ»ን ከፍቶ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከካራሮ አጠገብ ካስላ በምትባል መንደር ተከለ። የአይሪሽ ቴሌቪዥንም በ1996 እዚያው ጎረቤት ባሊ ና ሃውን ላይ ሥራ ጀመረ። ዛሬ «ቲ ጂ 4» የሚባለው ነው። ከጣቢያው ጋር የድራማና የፊልም ሥራ ኩባንያዎች መጥተው ካሜራ ያዥ፣ ተርጓሚና ተዋናይ ቀጥረዋል።

በ1980 የተቋቋመው «ኡዳራስ ና ጌልታክታ» የተባለ የልማት ባለሥልጣን በእነዚህ አካባቢዎች ለሚከፈቱ ድርጅቶች የሥራ ቦታና ማበረታቻ ይሰጣል። በሚደግፋቸው ድርጅቶች ውስጥ በቋሚነት የሚሠሩት ከ7 ሺህ በላይ ናቸው። የጎልዌይ ዩኒቨርሲቲም በካራሮ የአይሪሽ ማስተማሪያ ማዕከል አለው። አይሪሽ በ2007 የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ከሆነ፣ በተለይም ከ2022 ጀምሮ ሙሉ አገልግሎት መስጠት ከያዘ ወዲህ፣ ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተርጓሚ በብራስልስ ተፈላጊ ሆኗል።

ያኔ ኪራይ፣ ዛሬ የቤት ዋጋ

ካራሮ በአየርላንድ ታሪክ የምትታወቀው በኪራይ ጉዳይ ነው። በጥር 1880 ጭሰኞችን የማስለቀቂያ ወረቀት ለማደል የመጡትን ሰዎችና አጃቢ ፖሊሶች ሕዝቡ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ከየደጃቸው መለሷቸው። ታሪኩ «የካራሮ ጦርነት» ይባላል። አሁን ያለው ጭንቅ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሳይሆን ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ነው።

በ2014 «የዱር አትላንቲክ ጎዳና» በሚል ስም የተመረቀው 2,500 ኪሎ ሜትር የቱሪስት መንገድ ይህን ዳርቻ ከሌሎች ጋር አስተዋውቆታል። የጎብኚው መብዛት ለሱቅና ለምግብ ቤት መልካም ነው። ችግሩ በቤት ገበያ ላይ ነው። በአየርላንድ «አጫራች» የሚባለው የቤት ደላላ ባሕር የሚያይ ቤት ሲያወጣ፣ ለዕረፍት ማሳለፊያ ወይም ለአጭር ጊዜ ኪራይ የሚፈልግ የከተማ ገዢ የመንደሩ ወጣት የማይደርስበትን ዋጋ ይጠራል። አዲስ ቤት እንዳይሠራ ደግሞ ፈቃዱ ጥብቅ ነው። የጎልዌይ የፕላን ባለሥልጣናት ከአዳዲስ ቤቶች ከፊሉ ለአይሪሽ ተናጋሪ ብቻ እንዲሸጥ ወይም እንዲከራይ ግዴታ ያስገባሉ፤ ቀድሞ የተሠራውን ቤት ግን ይህ ግዴታ አይነካውም።

ወጣቱ ጎልዌይ ከተማ ገብቶ ሲቀር ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያድጋሉ። በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ 1.87 ሚሊዮን ሰው አይሪሽ እችላለሁ ብሏል። በጌልታክት ከሚኖሩት 106 ሺህ ሰዎች ውስጥ ግን ከትምህርት ቤት ውጭ በየዕለቱ የሚናገሩት ከ20 ሺህ ጥቂት ቢበልጡ ነው። መንግሥት አስጠንቶ በ2007 የወጣ ሪፖርት፣ አካሄዱ ካልተለወጠ ቋንቋው ጠንካራ በሆነባቸው መንደሮች እንኳ የኅብረተሰቡ ዋና መግባቢያ ሆኖ የሚቆየው ከ15 እስከ 20 ዓመት እንደሆነ አስጠንቅቋል። በ2015 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ጊዜውን ወደ 10 ዓመት አሳጠረው። ካራሮ ጠንካራ ከሚባሉት አንዷ ስትሆን ዛሬም በሱቋ የሚሰማው አይሪሽ ነው።

የገበያ ሰው እዚህ ላይ የሚያነሳው ክርክር በደቡብ ምዕራብ የምትገኘው የዲንግል ከተማ ታሪክ ነው። የ2005ቱ ድንጋጌ «ዲንግል» የሚለውን ስም ሲያስቀር ነጋዴዎቿ በዓለም የታወቀው የንግድ ስማችን ጠፋ ብለው ተነሱ። በ2006 በተደረገ ድምፅ አሰጣጥ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ሁለቱም ስሞች እንዲኖሩ መረጡ፤ ሕጉም በ2011 ተስተካከለላቸው። ዲንግል የምትሸጠው ስሟን ነበርና ክርክሩ ያስኬዳል። የካራሮ ሸቀጥ ግን ሌላ ነው። ለጎብኚ እንዲመች ብላ ወደ እንግሊዝኛ ብትዞር፣ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ትሆናለች። ባሕርና ዳርቻ በየትም አለ፤ አይሪሽ የሚያወራ ማድቤት ግን ከጥቂት መንደሮች በቀር አይገኝም።

ስለዚህ ወደዚያ የሚዘልቅ እንግዳ ሁለት ነገር ቢያውቅ ይበጀዋል። አንደኛው፣ ከጎልዌይ ከተማ መስመር ቁጥር 424 አውቶቡስ መንደሯ ድረስ ያደርሰዋል። ሁለተኛው፣ ሱቅ ሲገባ «ጂያ ጉት» ቢል ሰላምታው «እግዚአብሔር ካንተ ጋር» እንደማለት ነው። ባለሱቋ ማርያምን ጨምራ ትመልስለታለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ቢዞር ትከተለዋለች። ተማሪዎቹ ተጠራርገው በሚሄዱበት በመስከረም ግን መንደሯ እርስ በርሷ የምታወራው ማንም ሳይከፍላት ነው። የሚቀጥለው በጋ ገቢ የሚወሰነው በእነዚያ ወራት በየቤቱ ከልጆች ጋር በሚወራው ቋንቋ ነው።