ለፀሐይ ኤሌክትሪክ የሽቦ መቀጠያ አመራረጥ

በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት የደባርቅና የዳባት ወረዳዎች ከዋናው የኤሌክትሪክ መሥመር የራቁ ቀበሌዎች ለመብራት፣ ለስልክና ለራዲዮ በፀሐይ ኃይል ይገለገላሉ። ዘዴው ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በ1985 እ.ኤ.አ. በሚቶ መንደር 10.5 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ያለው የፀሐይ ኤሌክትሪክ ተተክሎ ነበር። ስለ ሰሌዳና ስለ ባትሪ ብዙ እንጠየቃለን፤ ስለ ሽቦ መቀጠያ የሚጠይቀን ግን ጥቂት ነው።

«ባለ 12 ቮልት ሰው አይገድልም» የሚለው አባባል እውነትነት ቢኖረውም ብዙዎችን አዘናግቷል። ቅጥያን የሚያሞቀው አምፔሩ ነው። 120 ዋት የሚፈልግ ዕቃ በ220 ቮልት ከግማሽ አምፔር ጥቂት ከፍ ያለ ሲስብ፣ በ12 ቮልት ግን 10 አምፔር ይስባል። ቅጥያው ላልቶ ወይም ዝጎ አንድ አሥረኛ ኦም ተቃውሞ ቢፈጥር፣ የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ 10 ዋት ሙቀት ይጠራቀማል፤ ከ12ቱ ቮልት አንዱም እዚያው ባክኖ ይቀራል። በ220 ቮልት መሥመር ቢሆን ኖሮ ያው ቅጥያ ለብ እንኳ አይልም ነበር።

በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የዘር መጋዘን ያየነው ይህንኑ ነው። የአባላትን ስልክ ለሚሞላው ኢንቨርተር ሽቦው በእጅ ተጠምዝዞ ተቀጥሎ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩ ቀልጧል፣ ከሣር ክዳኑ ሥር ያለው ማገር ጠቁሯል፤ ከበታቹ የዓመቱ የገብስ ዘር በጆንያ ተደርድሯል። የመጋዘኑን ጠባቂ አንወቅሰውም፤ በገበያ ያገኘው ፕላስተር ብቻ ነበር።

ለቤት ውስጥ ባለብሎን ሞርሴቶ ይበቃል። በላዩ የተጻፈው አምፔር ከመሥመሩ ፊውዝ ማነስ የለበትም፤ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ሆኖ በቀላሉ የሚደረስበት ቦታ ይሰቀል እንጂ በጭቃ ምርጊት ውስጥ አይቀበር። የሽቦውን ጫፍ በቆርቆሮ ብየዳ አጠንክሮ በብሎን ማሰር ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ለስላሳው ብየዳ በብሎኑ ግፊት እየተለመጠ ስለሚሄድ ማሰሪያው ይላላል። የመዳብና የአሉሚኒየም ሽቦ በቀጥታ አይጠማዘዙ፤ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል።

በጣሪያ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በደጋው የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ በክረምት ጉም አይለይም፤ ተራ ፕላስተር ሙጫው ለቆ ይሰነጠቃል። ስለሆነም ለውጭ የተሠራውን ኤም ሲ 4 የተባለውን መቀጠያ እንመክራለን። ወንዴውና ሴቴው የአንድ ፋብሪካ ሥራ መሆን አለባቸው፤ የተለያዩ ፋብሪካዎች ሥራ ሲገጥም ልክ ቢመስልም ውስጡ በደንብ ላይነካካ ይችላል። ሽቦው የሚጨመቀው በራሱ መጨመቂያ እንጂ በፒንሳ አይደለም። መጨመቂያው ለአንድ ቤተሰብ ውድ ስለሆነ ማኅበሩ አንድ ገዝቶ ለአባላቱ ቢያውስ ይሻላል።

ለውኃ ፓምፕ ሰሌዳዎች ተከታትለው ሲያያዙ ቮልቱ ይደመራል፤ በውርጭ ጠዋት ደግሞ ከተጻፈበት ከመቶ 7 ያህል ሊጨምር ይችላል። በሥራ ላይ ያለ መቀጠያ ከተነቀለ የሚፈጠረው እሳት እንደ ከተማው መብራት ቶሎ አይጠፋም። የከተማው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚደርስ ብልጭታው ይቋረጣል፤ የፀሐዩ ግን ያለማቋረጥ ይፈሳል። አስቀድሞ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት፣ ሰሌዳውንም በወፍራም ብርድ ልብስ መሸፈን ይገባል።

በባትሪው በኩል ጫፉ ቀለበት የሆነ የመዳብ መያዣ ተጨምቆ በብሎን ይታሰር፤ ፊውዙም ከአዎንታዊው ጫፍ አጠገብ ይሁን። ከባትሪ እስከ ፊውዝ ባለው ሽቦ ላይ ቅጥያ አይደረግ፤ እዚያ የሚደርስ ንክኪን የሚያቋርጥ ነገር የለምና።

ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ ይሳብ፤ ከወጣ አልታሰረም። ከዚያ ዕቃዎቹ ሁሉ በርተው አንድ ሰዓት ከቆዩ በኋላ የሳጥኑ ክዳን በእጅ ጀርባ ይዳሰስ። የቮልት መለኪያ ያለው የልማት ሠራተኛ ዕቃው እየሠራ ሳለ ከቅጥያው ወዲህና ወዲያ ይለካ፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ኃይሉን አጥፍቶ ቅጥያውን ፈትቶ እንደገና ይሥራ። የለካውንም ከነቀኑ በሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይጻፍ፤ ክረምት ከመግባቱ በፊትና በመስከረም ሲለካ የሚያስተያየው ያገኛል።