የእኩለ ቀን ጥላ እና የቀን አንድ ፎቶ

ሃዲያ ውስጥ ጃጁራ ከተማ ተቀምጦ ፎቶ ማንሳት ልማር የሚል ወጣት ሁለት ዓይነት ምክር ይጠብቀዋል፤ ወይ «አዲስ አበባ ግባ» ወይ «መጀመሪያ ደህና ካሜራ ግዛ»። አንዱ ፎቶን ከከተማ፣ ሌላው ከዕቃ ጋር ያስረዋል። ሁለቱንም የማይጠይቅ መንገድ ግን አለ፤ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ አንድ ፎቶ ማስቀረት። ፈረንጆቹ በቀኖቹ ብዛት 365 እያሉ ይጠሩታል። የእነሱ ወር አንዱ ሲረዝም ሌላው ያጥራል፤ የእኛ የዘመን አቆጣጠር ግን ለዚህ ሥራ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። መስከረም 1 የጀመረ ሰው በወሩ መጨረሻ ስድስት ስድስት ሆኖ በአምስት ረድፍ የሚደረደር አንድ ገጽ ፎቶ ይኖረዋል፤ ጥቅምትም ልክ እንደዚያው፣ ኅዳርም፣ እስከ ነሐሴ። ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ፎቶ ይዛ አንዲት ረድፍ ትጨምራለች። ገጾቹ እኩል ስለሆኑ ጎን ለጎን ዘርግቶ ወርን ከወር ማመዛዘን ይቻላል፤ ልማዱም የሚያስተምረው በዚህ ማመዛዘን ነው።

በቀን አንድ ፎቶ አዲስ ነገር አይደለም። የኒው ዮርኩ ጄሚ ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1979 የጀመረውን በቀን አንድ ፖላሮይድ እስከ ሞተበት ዕለት፣ እስከ ኦክቶበር 25 ቀን 1997 ዘልቆበታል። አሜሪካዊው ጂም ብራንደንበርግ ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ጫካ ውስጥ ለ90 ቀናት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሻተሩን እየተጫነ ቆይቷል። ሁለቱ ስማቸው አብሮ ይነሳ እንጂ ፍላጎታቸው ለየቅል ነው። ሊቪንግስተን ቀኑ እንዳያመልጠው ነበር የሚያነሳው፤ ጓደኛ፣ ምግብ፣ መንገድ፣ የሆስፒታል አልጋ፣ ያገኘውን ሁሉ። ብራንደንበርግ የናሽናል ጂኦግራፊክ ፎቶ አንሺ ሆኖ ብዙ ዓመት ከሠራ በኋላ በፊልም ብዛት የላላ ጥንቃቄውን ለመመለስ ራሱን መቅጣቱ ነበር። ጀማሪ ሁለቱንም እንዳለ ቢቀዳ አይጠቀምም። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከተጫነ የሚያወዳድረው ነገር አይኖረውም፤ ያገኘውን ሁሉ ካነሳ ደግሞ የሚተርፈው ማስታወሻ እንጂ ትምህርት አይደለም። ለእሱ የሚበጀው አንድ ነገር መርጦ አሥርም አሥራ አምስትም ጊዜ ማንሳት፣ ማታ ቁጭ ብሎ አንዷን ማስቀረት፣ የቀሩትን ማጥፋት ነው። ማጥፋቱ ያማል። ግን ይህች ለምን ቀረች፣ እነዚያ ለምን ወደቁ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው አንዷን ብቻ የማስቀረት ግዴታ ሲኖር ነው። አራት ሺህ ፎቶ ስልኩ ውስጥ አከማችቶ አንዷንም ተመልሶ ያላየ ሰው ይህ ጥያቄ መጥቶበት አያውቅም።

ጃጁራ ለዚህ ትምህርት ከትልቅ ከተማ የተሻለች ናት ቢባል ማጋነን ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ከፀሐይዋ ይጀምራል። ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ላይ ትገኛለች፣ ጃጁራም ከዚያ ብዙ አትርቅም። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል አናት ላይ ትውላለች፤ አንዴ ሚያዝያ 1 ገደማ፣ አንዴ ነሐሴ 28 ገደማ። በእነዚያ ቀኖች እኩለ ቀን ላይ፣ በእኛ ሰዓት 6 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ አይጥልም። ለፎቶ ይህ ክፉ ብርሃን ነው። የሰው ዓይን ጎድጓዳ ሆኖ ይጠቁራል፣ ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ይንጠለጠላል፣ ግንባር ያብረቀርቃል። ጠዋትና ማታ ያለው ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ደግሞ እዚህ ስስታም ነው፤ ፀሐይ ቀጥ ብላ ወጥታ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ወገግታው ከሃያ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። ከአውሮፓ የመጣ የፎቶ መጽሐፍ «ወርቃማውን ሰዓት ጠብቅ» ሲል ሰዓቱ እዚህ ሰዓት እንደማይሞላ አያውቅም። በየቀኑ የሚያነሳ ሰው ግን ከሳምንት በኋላ መፍትሔውን ደጃፉ ላይ ያገኘዋል። የሣር ክዳኑ ወይም የቆርቆሮው ጠርዝ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ጥላ ይሠራል፤ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞረ ሰው የሚበራው በፀሐይዋ ሳይሆን ከመሬቱና ከሰማዩ ተመልሶ በሚመጣው ብርሃን ነው። ዓይኑ ይከፈታል፣ ቆዳው መልኩን ያገኛል። ፎቶ ቤቶች በትልልቅ ጃንጥላና አምፖል የሚሠሩትን ብርሃን ደጃፍ በነፃ ይሰጣል።

እንሰትም እንዲሁ አስተማሪ ነው፣ ያውም ጓሮ ያለ። ቅጠሉን ፀሐይዋ ከጀርባችን ሆና ስናነሳው እንደ ተቀባ ሰሌዳ ጠፍጣፋና አብረቅራቂ አረንጓዴ ይሆናል። ዞረን ፀሐይዋን ከቅጠሉ ኋላ ብናስቀምጣት ያው ቅጠል እንደ ፋኖስ መስታወት በርቶ ከመሐለኛው አጥንት የሚነሱት ሥሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ነፋስ የተለተለው ጠርዙም ይታያል። ቅጠሉ አልተለወጠም፣ ሰውየው ነው አራት እርምጃ የተራመደው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ ለአንድ ዓመት ሥራ ከቦታው አይጠፋም፤ ከበጋው አቧራ እስከ ክረምቱ እርጥብ አረንጓዴ ያለውን ሁሉ እዚያው ቆሞ ያሳያል። ግንዱ ተቆርጦ እናቶች ሲፍቁት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይመጣል። እጅ ቶሎ ቶሎ ስለሚንቀሳቀስ በጨለማ ጓዳ ውስጥ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ስልኩ ብርሃን ለማጠራቀም ሻተሩን ከፍቶ ስለሚቆይ ነው። ሥራው በር አጠገብ ሲሆን ሻተሩ ቶሎ ይዘጋል፣ እጁም የቃጫው ክርም ጥርት ብሎ ይወጣል። የሻተር ፍጥነት የሚባለውን ነገር ከሠንጠረዥ ከመሸምደድ እንዲህ ማየቱ ይሻላል።

በስልክ የተነሳ ፎቶ አይደለም የሚል ሰው አይጠፋም። ግርማ በርታ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሊስትሮውን፣ ተሸካሚውን፣ መንገደኛውን በስልክ ካሜራ እያነሳ፣ ከዚያም ሰውየውን ከነጥላው ለይቶ በአንድ ቀለም መደብ ላይ እያስቀመጠ የሠራው ሥራ በ2016 እ.ኤ.አ. ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ከሚሰጡት ሽልማት አንዱን አስገኝቶለታል። ትምህርቱም በራሱ ነበር። ይህ ማለት ግን ስልክ ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። ሩቅ ያለን ነገር በዙም ሲያቀርብ ያበላሻል፣ ማታ ጥራቱ ይወርዳል። ከሁሉ የከፋው ጥፋቱ ግን ለብዙ ሰው አይታይም፤ የብርሃን ልኬቱ ፊቱ ያለው ሁሉ አማካይ ግራጫ ይመስል ይገምታል። ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰች እናት ፀሐይ ላይ ስትነሳ ስልኩ ነጩን ለማርገብ ሲል ሁሉን ያጨልማል፣ ጠይም ፊቷም አብሮ ይጠፋል። ችግሩ የስልክ ብቻ አይደለም፤ በፊልም ዘመን ኮዳክ የቀለም ሚዛን የሚያስተካክለው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር፣ ካርዱም ሸርሊ ይባል ነበር። መፍትሔው ጣትን ፊቷ ላይ አሳርፎ መያዝና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ነጠላው ትንሽ ይንጣ፣ ፊቱ ይመለስ። ይህን አንዴ የሰማ ይረሳዋል፣ ሠላሳ ቀን ያደረገው ግን ሳያስበው ጣቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ካሜራ መግዛትም ቢሆን ከዚህ በኋላ ትርጉም ይኖረዋል፤ ሰውየው ስልኩ የቱ ጋ እንደሚያንሰው በየቀኑ አይቶታልና።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ያው ደጃፍ፣ ያው እንሰት፣ ያው መንገድ በየቀኑ ቢነሳ ዓይን ያደነዝዛል እንጂ አይከፍትም። እውነት አለው። ልማድ ሲሰለች ሰው ከመተኛቱ በፊት አምስት ደቂቃ ሲቀረው የጫማውን ፎቶ አንስቶ «የዛሬው ይኸው» ይላል፤ ብዙዎቹ የ365 ሥራዎች የሚሞቱት እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ግን ነገሩን መቀያየር አይመስለኝም። ወሩን በአንድ ጥያቄ ማሰር ይሻላል፤ ጥቅምትን በጥላ ብቻ፣ ኅዳርን በእጅ ብቻ፣ ጥርን በገበያ ቀን አቧራ፣ ሐምሌን በዝናብና በደመና። ደመናን መናቅ ከፊልም ዘመን የቀረ ልማድ ነው፤ ያኔ ፊልሙ ብርሃን ይራብ ነበር፣ ዛሬ ግን የጃጁራ የክረምት ሰማይ ለሰው ፊት ከበጋው ፀሐይ ይበልጣል። የሃዲያው ያሆዴ ወይም የከምባታው መሳላ በዓል ሲደርስ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ መጥቶ ልብሱንና ጭፈራውን አንስቶ ይሄዳል፤ በጥር ማክሰኞ ዕለት ያ ሰፈር ምን እንደሚመስል ማንሳት የሚችለው እዚያው የሚያድር ሰው ብቻ ነው። የፈቃድ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለአንድ ቀን የመጣ ሰው ሰርቆ ለማንሳት ይፈተናል። በየቀኑ የሚያልፍ ሰው ግን «እትዬ፣ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ እምቢ ሲባል ስልኩን ኪሱ መክተት፣ እሺ ሲባል ደግሞ ያነሳውን አሳጥቦ ይዞ መምጣት አለበት፤ ነገም በዚያው መንገድ ያልፋልና። ፎቶው እጃቸው የገባ እናት ለሚቀጥለው ፎቶ ካሜራውን ረስተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ጥሩው ፎቶም ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው የሚመጣው።

ትምህርት ቤት አያስፈልግም የሚል ድምዳሜ ከዚህ ቢወጣ ስህተት ነው። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው የፎቶ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ የሌሎችን ሥራ በትልቁ ታትሞ የማየት ዕድል ሰጥቷል፤ ሞያውን ከሚያውቅ ሰው የሚሰማ ትችትን የሚተካ ነገር የለም። ቢሆንም ለትችት የሚቀርብ ሥራ አስቀድሞ መኖር አለበት፣ በአሥራ ሁለት ገጽ የተደረደረ ዓመት ደግሞ ሃያ ምርጥ ፎቶ ከያዘ ፍላሽ የተሻለ መናገሪያ ነው። ወደ ደቡብ የሚከፈት አንድ በር በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ተነስቶ ቢሆን እንበል። ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ ብርሃኑ ደፍ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፣ በጥቅምት ይወፍራል። ታኅሣሥ 12 ግድም፣ በሩ ሁለት ሜትር ቢሆንና ከላይ የሚከልለው ነገር ባይኖር፣ ከአንድ ሜትር አለፍ ብሎ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከዚያ በጥርና በየካቲት ቀስ እያለ ወደ ደፉ ያፈገፍጋል፤ ሚያዝያ ሲገባ ወጥቶ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ አይገባም፤ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ተሻግራለች፣ አሁን የሚበራው የጓሮው በር ነው።