የ1980ዎቹ ኮምፒውተር ዋጫ ላይ ኔትወርክ ያገኛልን?

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዋጫ የካፋ ዞን ከተማ ናት። እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ እዚያም «ኔትወርክ አለ?» ሲባል ሰው የሚያየው የስልኩን ማማ ምልክት ነው። እስቲ ጥያቄውን ከሌላ ጫፍ እንያዘው፦ ዋይፋይ የማያውቅ፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ እንኳ የሌለው የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር ዋጫ ላይ ቢከፈት ከቀሪው ዓለም ጋር መነጋገር ይችላል? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይችላል። መስመሩን መዘርጋት አንድ ከሰዓት በኋላ የማይፈጅ ሥራ ነው። የሚከብደው መስመሩ ከተዘረጋ በኋላ፣ ዛሬ ድረ ገጽ የምንለውን ነገር መክፈቱ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ከማሽኑ ጀርባ እንጀምር።

አንድ ቢት በአንድ ጊዜ

በ1982 ለገበያ የቀረበው ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር ማስታወሻው 64 ኪሎባይት፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 1 ሜጋኸርትዝ ገደማ ነበር። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ይበልጥ የታወቁት «286» እና «386» የሚባሉት የአይቢኤም ዓይነት ኮምፒውተሮች ከእሱ ይሻላሉ። ሆኖም ሁሉም የሚጋሩት አንድ የመነጋገሪያ ዘዴ አለ፤ እሱም ሲሪያል የሚባለው መስመር ነው። በዚህ መስመር መረጃ የሚሄደው አንድ ቢት በአንድ ጊዜ፣ በተራ ተሰልፎ ነው። እያንዳንዱ 8 ቢት ያለው ባይት ከፊቱ «ጀመርኩ» የሚል፣ ከኋላው ደግሞ «ጨረስኩ» የሚል ቢት ስለሚጨመርለት 10 ቢት ይሆናል። ስለዚህ በሰኮንድ 9600 ቢት የሚያሳልፍ መስመር በሰኮንድ 960 ባይት ያደርሳል።

ይህ ለእኛ ቀርፋፋ ነው፤ ለአሮጌው ፕሮሰሰር ግን ጥድፊያ ነው። በቀደሙት የአይቢኤም ኮምፒውተሮች ውስጥ የነበረው «8250» የተባለ የሲሪያል ቺፕ ከመስመሩ የደረሰውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ለአንድ ባይት ብቻ ነበር። ፕሮሰሰሩ በአንድ ሺኛ ሰኮንድ ገደማ ውስጥ መጥቶ ካላነሣው ቀጣዩ ባይት በላዩ ላይ ያርፍና የፊተኛው ይጠፋል። በኋላ የመጣው «16550» ቺፕ 16 ባይት ማቆየት ስለቻለ ነው ፈጣን ሞደሞች፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር የሚያገናኙት መሣሪያዎች፣ ያለ ችግር መሥራት የጀመሩት።

የስልክ መስመር ለሰው ድምፅ የተሠራ በመሆኑ ከ300 እስከ 3400 ኸርትዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ያሳልፋል። ሞደም ዜሮና አንዱን በዚህ ክልል ውስጥ ወደሚገኝ ጩኸት ቀይሮ ይልካል፤ ማዶ ያለው ሞደም ደግሞ ጩኸቱን መልሶ ይፈታል። በ1981 ሄይስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኮምፒውተሩ ራሱ ሞደሙን በጽሑፍ የሚያዝበትን ሥርዓት አወጣ። ኤ፣ ቲ፣ ዲ፣ ቲ የሚሉትን አራት የላቲን ፊደላት ጽፎ የስልክ ቁጥር ማስከተል ብቻ በቂ ሆነ፤ ሞደሙ ይደውላል። ይህን ትእዛዝ ልብ እንበል፤ ዋጫ ላይ እንፈልገዋለን።

አዲስ አበባ ኢንተርኔት ሳትይዝ

ኢትዮጵያ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ያገኘችው በጥር 1997 ነው። ኢሜይል ግን ከዚያ ቀድሞ ነበር። አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፊዶኔት ጣቢያ ያንቀሳቅስ ነበር። ፊዶኔት ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ በ1984 የጀመረው፣ የግል ኮምፒውተሮች በተራ የስልክ መስመር እየተደዋወሉ መልእክት የሚለዋወጡበት መረብ ነው።

አሠራሩ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ከዋጫ ጅማ ላለ ዘመድ ደብዳቤ ለመላክ ዘመዱ በዚያች ደቂቃ መናኸሪያ መቆም የለበትም፤ ደብዳቤው ለሹፌር ይሰጣል፣ መኪናው ሲደርስ ይደርሳል። ፊዶኔትም እንዲሁ ነው። ተጠቃሚው ከመስመር ውጭ ሆኖ ደብዳቤውን ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ወደ ፓዲስ ደውሎ ያስረክባል። ፓዲስ የተጠራቀመውን በአንድ የውጭ ጥሪ፣ ለንደን ለሚገኘው፣ ግሪንኔት ለተባለው መረብ ያሳልፋል፤ ለአዲስ አበባ የመጣውንም ይዞ ይመለሳል። የውጭ ስልክ በደቂቃ በሚያስከፍልበትና መስመር በሚቆራረጥበት ዘመን ይህ ብልህ ምርጫ ነበር። መልእክቱ በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የማረጋገጫ ድምር ይሰላል፤ ድምሩ ያልገጠመ ክፍል ብቻ እንደገና ይላካል። በዚህ መንገድ ለመሥራት አንድ ተራ ኮምፒውተርና አንድ ሞደም ይበቃ ነበር።

ፊደሉስ?

መስመሩ ቢሠራም ሌላ ጣጣ ነበር። የዚያ ዘመን የመልእክት መስመሮች በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያሳልፉት አስኪ የተባለውን ኮድ፣ ማለትም 128 ምልክቶችን ብቻ ነው። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት ቤት ብናበዛ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ እያንዳንዱ የግእዝ ሆሄ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት፣ ተቀባዩም ኮምፒውተር መልሶ ወደ ግእዝ የሚቀይርበት ደንብ ነው። ትንሹ ቲ ለ«ተ»፣ ትልቁ ቲ ለ«ጠ» ዘር ይቆማል። የግእዝ ሆሄያት የዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ አካል የሆኑት በ1999 ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። «ዋጫ» የሚለው ስም ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 6 ባይት ይይዛል፤ አንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ስለሚወስድ። በሴራ ግን 4 ባይት ነው፤ ደግሞም ማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ያለ ተጨማሪ ፎንት ያሳየዋል። የካፋ ሕዝብ ቋንቋ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የአካባቢውን ቋንቋ ለኮሞዶር ማስነበብ አማርኛን ከማስነበብ ይቀላል።

መደወል ያለ ስልክ

አሁን ወደ ዋጫ እንመለስ። የቤት ስልክ ሽቦ ባይኖርም የሞባይል ማማ አለ። በመካከል የሚገባው ድልድይ «ኢኤስፒ 8266» የተባለው፣ ኤስፕሬሲፍ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2014 ያወጣው ቺፕ ነው። ቺፑ ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም ለአሮጌው ኮምፒውተር የሄይስ ሞደም መስሎ ይቀርባል። ኮምፒውተሩ ያንኑ የአራት ፊደል ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከስልክ ቁጥር ይልቅ የኢንተርኔት አድራሻ ያስከትላል። ቺፑ በስልክ ሆትስፖት በኩል አድራሻውን ያገናኝና ጽሑፉን በሲሪያል መስመር ያወርዳል። ኮምፒውተሩ ስልክ የደወለ ነው የሚመስለው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። በአይቢኤም ዓይነቱ ኮምፒውተር ሲሪያል መስመር ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ከዜሮ በላይና በታች እስከ 15 ቮልት ሊወጣ ይችላል፤ ቺፑ የሚሠራው ደግሞ በ3.3 ቮልት ነው። በመካከል የቮልቴጅ መቀየሪያ ካልገባ ቺፑ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ቺፑ የሚያውቀው የ2.4 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይን ብቻ ስለሆነ ሆትስፖቱ በ5 ጊጋኸርትዝ ከተከፈተ ጨርሶ አያየውም።

የኢንተርኔትን ቋንቋ ራሱ ኮምፒውተሩ እንዲናገር ማድረግም ይቻላል። መሠረታዊው የኢንተርኔት ደንብ የተጻፈው በ1981 ስለሆነ ከኮሞዶር 64 ይቀድማል። አዳም ዱንኬልስ የተባለ ስዊድናዊ በ2003 ኮንቲኪ በተባለው ሥርዓቱ ይህ ደንብ በ64 ኪሎባይት ማሽን ውስጥ እንደሚገባ አሳይቷል። ለአይቢኤም ዓይነቶቹም የማይክል ብሩትማን ኤምቲሲፒ የተባለ የዶስ ፕሮግራሞች ስብስብ አለ።

ግድግዳው

ታዲያ የዛሬ ድረ ገጾች የማይከፈቱት ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ምስጠራ ነው። ዛሬ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ድረ ገጾች የሚላኩት ተቆልፈው ነው፤ ቁልፉን ለመስማማት ሁለቱ ወገኖች እጅግ ረጃጅም ቁጥሮችን ማባዛት አለባቸው። የኮሞዶር ፕሮሰሰር የማባዛት ትእዛዝ እንኳ የለውም፤ እየደመረ ነው የሚያባዛው። ስሌቱ ደቂቃዎችን ሊፈጅበት ይችላል፤ አገልጋዩ ኮምፒውተር ግን ያን ያህል አይጠብቅም።

መፍትሔው አማላጅ ማቆም ነው። ርካሽ የሆነ አዲስ ኮምፒውተር ቁልፉን ይከፍትና ንጹሑን ጽሑፍ ለአሮጌው ያቀብላል። ዋጋ ግን አለው፦ በመጨረሻው መንገድ ላይ መረጃው ክፍት ስለሆነ የይለፍ ቃልም ሆነ የባንክ ጉዳይ በዚያ ማለፍ የለበትም።

ሁለተኛው ምክንያት ክብደት ነው። 2 ሜጋባይት የሚመዝን ገጽ ዛሬ ተራ ነገር ነው፤ በሰኮንድ 960 ባይት ሲመጣ ግን ወደ 35 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ሙሉ ገጽ የአማርኛ ማስታወቂያ፣ 2000 ሆሄ ቢኖረው እንኳ፣ ከ6000 ባይት ስለማይበልጥ በ6 ሰኮንድ ገደማ ይደርሳል።

ከ2 ሜጋባይቱ ገጽ የቀረው ሁሉ ምስል፣ የንግድ ማስታወቂያና ማንም የማያነበው የፕሮግራም ኮድ ነው። ማማው በራቀበት የካፋ ቀበሌ ደካማ ሲግናል ይዞ የቡና ዋጋ ወይም የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚጠብቅ ሰው ስልኩ አዲስ ቢሆንም የሚሰቃየው በዚሁ ክብደት ነው። ለሕዝብ አገልግሎት ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት አንድ መለኪያ ቢጠቀም ይበጃል፦ ዋናው ጽሑፍ ብቻውን በ9600 መስመር ስንት ሰኮንድ ይፈጃል? መልሱ ከአሥር ሰኮንድ በታች ከሆነ አገልግሎቱ ኮሞዶርንም፣ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ሲግናል የሚፈልገውንም ሰው ይደርሳል።