የሽጉጡ ሰባት ቤት

ባለፈው ክረምት መቀሌ አጠገብ ቃላሚኖ ወደሚገኘው ቤቴ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። «ወደይ፣ አባትህ ብር አንጥረኛ ነበሩ፤ አንተም ሳትለየው አትቀርም» አሉኝ። ነጠላው ሲፈታ ቃታው የዛገ፣ እጀታው በብር የተለበጠ አሮጌ ሽጉጥ ወጣ።

«የአፄ ዮሐንስ ነው፤ እንግሊዞች የሰጧቸው።»

«አቦይ፣ ወደ እርስዎ ከማን ደረሰ?»

«ከአባቴ።»

«ወደ አባትዎስ?»

ዝም አሉ።

በአገራችን ሰው ለጋብቻ ሲተጫጭ ትውልዱ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የታሪክ ነው የተባለ ዕቃም እንዲሁ ሊቆጠርለት ይገባል፤ ማን ሠራው? ማን ለማን ሰጠው? በእነማን እጅ አለፈ? ከመካከል አንድ ቤት ከተዘለለ የቀረው ወሬ ነው።

ትውልዱ በደንብ የተቆጠረለት ሽጉጥ የአፄ ቴዎድሮስ ነው። የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ቆስሎ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ንጉሡ ለቆንስሏ ስላደረጉለት ደግነት ምስጋናዋን በብር ሰሌዳ ላይ አስቀርጻ ሽጉጥ ላከችላቸው፤ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ያደረሰው አዲሱ ቆንስል ካሜሮን ነው። ቴዎድሮስም ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ ሲቀር ካሜሮንን አሰሩት፤ ጦርነቱም ከዚያ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ላይ ንጉሡ በዚያው ስጦታ ራሳቸውን ገደሉ። የኒው ዮርክ ሄራልድ ዘጋቢ ሄንሪ ስታንሊ በዚያው ነበርና ሰሌዳው ላይ የተቀረጸውን ሳይቀር ጽፎ አስቀረው። ሰጪ፣ አድራሽ፣ ተቀባይ፣ የዓይን ምስክር፤ ሁሉም በስሙ ይጠራል።

ከመቅደላ የተዘረፈው ሌላው ንብረት ግን ይህን ያህል ዕድል አልነበረውም። በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ሲጫረት ብዙው ትውልዱ ተቆረጠ። በ2016 ዓ.ም. ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ የቀረበ የመቅደላ ጋሻ ከሽያጭ ተነሥቶ በማግሥቱ ዓመት አገሩ የገባው ከየት እንደተወሰደ ስለታወቀ ነው።

የሽማግሌውም ነገር ከመሬት የተነሣ አይደለም። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ የወጣው በትግራይ አድርጎ፣ ከመቀሌ በስተደቡብ ባለችው ሕንጣሎ በኩል ነው። የካቲት 1860 ዓ.ም. የትግራዩ ገዥ ካሳ ምርጫ ከናፒየር ጋር ተገናኝተው መንገዱን ፈቀዱ። ጦሩ ሲመለስ 12 መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ካሳ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነሥተው፣ በመንፈቁ አፄ ዮሐንስ ተብለው አክሱም ላይ ነገሡ። ታሪኩ እውነት ነው። ይህን ሽጉጥ ከዚያ ታሪክ ጋር የሚያስረው ክር ግን የታለ?

ብሩን ጠየቅሁት። እንግሊዝ የሠራው ብር ትንንሽ ማኅተም ይመታበታል፤ የሚራመደው አንበሳ ከመቶ 92.5 እጅ ንጹሕ ብር መሆኑን፣ መልሕቅ የበርሚንግሃምን፣ የነብር ራስ የለንደንን ፍተሻ ያመለክታል። አንዱም የለበትም። አንዱ ልባጥ ላልቶ ስለነበር ጀርባውን ገልበጥ አድርጌ አየሁ። መዶሻ ያልጨረሰው የሴት ጉንጭና ጥቂት ፊደል ይታያል፤ ማርትሬዛ ብር! አባቴ ሲሠራ የኖረው እሱን እያቀለጠና እየቀጠቀጠ ነበር። 28 ግራም ይመዝናል፣ ከመቶ 83 እጅ ብር ነው። ዓመተ ምሕረቱም ሞኝ ያታልላል፤ ምስሏ ያለበት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተችበት ጊዜ ወዲህ የተመታው ሁሉ 1780 ተብሎ ነውና። ስለዚህ ልባጡ የአገር ልጅ እጅ ነው፤ ብረቱ ከየትም ይምጣ።

ለሽማግሌውም፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ለያዘም ሰው የምመክረው ይህን ነው። ጥቁሩን ብር በአመድም በሎሚም አትፈትጉት፤ ጽሑፍና ማኅተም አብሮ ይጠፋል። ፎቶ አንሡት። የምታውቁትን ከማን እንደሰማችሁት ጭምር ጻፉ፤ «አባቴ እንዲህ ሲል ሰማሁ» ማለት አንድ ቤት መቁጠር ነው። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ያዛልና ለባህል ቢሮ አሳዩት።

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆር አለ። ሻይ ቀረበ። ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ቀና አሉ፤ «እናቴ አባቴን ትቆጣው ነበር፤ ‹ሰኞ ገበያ ሄደህ በጌን በብረት ለወጥክ› እያለች።»

ደብተሬን አወጣሁ።

«የንጉሥ ካልሆነ ምን ያደርግልሃል?»

«አቦይ፣ አሁን ሁለት ቤት ተቆጠረለት።»

ጥቂት አሰቡና ጣታቸውን ወደ ደብተሩ ቀሰሩ፤ «እንግዲያስ በደንብ ጻፈው። በጉ ቀይ ነበር።»