ዩሪያው ሐምሌ፣ ፍርዱ ታኅሣሥ

የብቅል ገብስ ፍሬ መሃሉ ላይ በምላጭ ሲቆረጥ ብዙ ይናገራል። ውስጡ እንደ ዱቄት ከነጣ ለቢራ የሚፈለገው ስታርች ሞልቶታል። እንደ ብርጭቆ ካብለጨለጨ ግን ብዙውን ጊዜ ፕሮቲኑ በዝቷል። ለበሶና ለቆሎ ይህ ነውር አይደለም። የጠላ ጠማቂዋም ስለ ፕሮቲን ጠይቃ አታውቅም፤ ድፍርሱም የቤቱ ወግ ነው። ፋብሪካ ግን ከ12 በመቶ በላይ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ከብቅሉ የሚወጣው ስኳር ይቀንሳል፣ ቢራውም ይደፈርሳል።

ነገሩ ከዩሪያ ይጀምራል። ዩሪያ 46፣ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ደግሞ 19 በመቶ ናይትሮጅን አላቸው። በሄክታር ከሁለቱም አንዳንድ ኩንታል የበተነ ገበሬ ለመሬቱ 65 ኪሎ ናይትሮጅን ሰጠ ማለት ነው። ስንዴ ለተነሳበት፣ ለተሟጠጠ ማሳ ይህ ላይበዛ ይችላል። አጠገቡ ያለው፣ አምና ባቄላ የነበረበት ማሳ ግን ባቄላው የተወለት ናይትሮጅንም አለ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ምክር መስጠት አይገባኝም።

ጊዜውም እንደ መጠኑ ይወስናል። ቡቃያው ሲያቆጠቁጥ የደረሰው ናይትሮጅን ግንድና ዘለላ ያበዛል፤ ዘግይቶ የደረሰው ፍሬው ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን ይሆናል። ዝናቡ መስከረም ላይ ቀድሞ ካቆመ ደግሞ ስታርቹ ሳይሞላ ፍሬው ይቀጭጫል፤ ፋብሪካው በሚነፋበት የ2.5 ሚሊሜትር ወንፊት ሾልኮ ይወርዳል።

ዝርያውስ? አርሲ ላይ የከረመው ሆልከር ረጅም ነው፤ ማዳበሪያ ከበዛበት ይጋሽባል። ከአውሮፓ የመጡት እንደ ትራቭለር ያሉት አጭር ስለሆኑ ይቆማሉ። መቆም ግን ከፕሮቲን አያድንም፤ እንዲያውም ገበሬው ማሳው ቆሞ ሲያይ ዩሪያ ለመጨመር ይደፍራል።

የአሰላው ብቅል ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በ2021 ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ቦሌ ለሚ ላይ ትልልቅ የውጭ ብቅል አምራቾች ሥራ ጀምረዋል። ገዢ በዛ። ገበሬውን «ዩሪያ አብዝተሃል» ብሎ መውቀስ ግን ቀላል ነው፤ ሚዛኑ ላይ የሚቆጠርለት ኩንታል ነው፣ ዩሪያም ኩንታል ያበዛል። ለዝቅተኛ ፕሮቲን ጭማሪ ዋጋ ካልታሰበለት ከ65ቱ ኪሎ ምን ብሎ ይቀንሳል? ዩሪያውን የበተነው ሐምሌ ላይ ነው። ፕሮቲኑ ስንት እንደሆነ የሚነገረው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ያውም የመኪና ኪራይ ከፍሎ፣ በር ላይ ቆሞ።