ነጭ ዓሣ አንድ ዘር ነው ወይስ ዐሥራ አምስት?

ሐምሌ ገብቶ ጉማራ ሲሞላ ነጭ ዓሣ ከጣና ሐይቅ በመንጋ ወደ ወንዙ አፍ ይቀርባል። ይህን የፎገራ ገበሬ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። አስጋሪውም ስለሚያውቅ መረቡን በዚያው ሰሞን ከወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ዓሣው የት ደርሶ ዕንቁላሉን እንደሚጥልና በመንገዱ ሲያዝ ምን እንደሚከተል ለማረጋገጥ ግን የብዙ ዓመታት ምርምር አስፈልጓል። በዚህ ሥራ ሰፊ ድርሻ ካላቸው ሰዎች አንዱ ሆላንዳዊው የዓሣ ተመራማሪ ዶክተር ሊዮ ናገልከርከ ናቸው።

እንደሚታወቀው ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር አይበልጥም። ከሐይቁ በታች ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ በመሆኑ፣ የታችኛው ዓባይ ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ ከጣናው ጋር እንዳይደባለቅ አግዶታል። ስለዚህም የጣና ነጭ ዓሣ ለብቻው ኖሮ ለብቻው ተለያይቷል።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከነዚህ ዓሦች በርከት ላሉት የየራሳቸውን ስም ሰጥቶ ነበር። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ግን እንግሊዛዊው ባኒስተር ከሌላው የአገራችን ውኃ ነጭ ዓሣ ጋር ቀላቅሎ አንድ ዘር ናቸው አለ። ናገልከርከ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጣና ላይ ሥራ ሲጀምሩ ያገኙት ይህን ክርክር ነው። የዓሣውን ጭንቅላትና አፍ በመለካት፣ ሆዱን ከፍቶ የበላውን በመመልከት፣ በየትኛው ጥልቀት እንደተያዘ በመመዝገብ በ1997 (እ.ኤ.አ.) በሆላንድ አገር በቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ዘሮቹ 14 መሆናቸውን አስረዱ። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ከባልደረባቸው ከፈርዲናንድ ሲቢንግ ጋር ሌላ አንድ ጨመሩ። ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። የዚህ ወገን ዓሣ ጥርሱ ከጉሮሮው እንጂ ከአፉ ላይ ስለሌለ፣ አዳኝ መሆኑ በሌላው ዓለም እምብዛም የማይታይ ነገር ነው።

ታዲያ አንድም ሆነ ዐሥራ አምስት ለገበሬ ማኅበር መሪ ምኑ ነው? ብዙ ነው። አንድ ዘር ቢሆን ኖሮ በጉማራ የጠፋውን ከርብ የሚመጣው ይተካዋል ማለት ይቻል ነበር። ናገልከርከና ባልደረቦቻቸው በ1996 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት ግን ዘሮቹ ሁሉ ባንድ ቦታና ባንድ ጊዜ እንደማይራቡ አሳየ። ገሚሶቹ ከሐይቁ ሳይወጡ የሚራቡ ሲመስሉ፣ የቀሩት ግን ወደ ወንዝ ወጥተው፣ ውኃው ጠርቶ በሚፈስበት ገባር፣ በጠጠር መካከል ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ።

በሐይቁ ላይ ቀድሞ የሚሠራው በደንገል ታንኳ ከዳር ነበር። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ገባ። የናገልከርከን ሥራ የተከተሉት ማርቲን ዴ ግራፍና ባልደረቦቻቸው የ1990ዎቹን መጀመሪያ ከዐሥር ዓመት በኋላ ካለው ጋር ሲያስተያዩ፣ ወደ ወንዝ የሚወጣው ትልቁ ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል፣ ጫጩቱ ደግሞ 90 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። ምክንያት ያሉትም እናቲቱ ዕንቁላሏን ሳትጥል ከወንዝ አፍ ላይ መያዟን ነው። ለዘር የተቀመጠውን እህል ፈጭቶ እንደመብላት ያለ ነው። ቆሮሶ ይህ ችግር ያን ያህል አይነካውም። ከሐይቁ ሳይወጣ የሚራባ ሲሆን፣ እናቲቱም ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች።

የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናቱን ወደ መገጭና ድርማ ወንዞች አስፋፍተዋል። አደጋው ከመረብ ብቻ አለመሆኑም ታውቋል። ብርብራ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን ትልቁንም ትንሹንም ይፈጃል። አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ማውጣት ደግሞ የዕንቁላሉን ማረፊያ ያጠፋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝ ማስገርን ቢከለክልም፣ አዋጅ ብቻውን ከጉማራ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። በዚያ ያለው የአካባቢው ሰው ነው።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዙን አፍ ከመረብ ነጻ ማድረግ በወሬ ቀላል ነው። አስጋሪው እስከዚያ ምን ይብላ? መሬት ያለው በፎገራ የሩዝ አረም ላይ ይሰማራ ይሆናል፤ ከታንኳው በቀር ሌላ የሌለው ግን ይቸገራል። ስለዚህ ማኅበሩ በጉዳዩ ሲመክር አስጋሪውን ከስብሰባው ውጭ አድርጎ መሆን የለበትም። በነሐሴ ከወንዝ አፍ የተረፈው ዓሣ ወልዶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ ፈላጊው በሚበዛበት በዐቢይ ጾምም እዚያው ይገኛል። ይህን ሒሳብ ከአስጋሪው ጋር ቁጭ ብሎ ማስላት የሚቻለው ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት ነው።